የብስክሌተኛው የፖል ደማን አጭር የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ የታወቁ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፣ የጦር መሪዎች፣ ሊቃውንትና የልዩ ልዩ መሣሪያ ፈልሳፊዎች ናቸው። እኔ ግን ለዘንድሮው እትም ስለ አንድ ብስክሌት ነጂ ለመጻፍ መርጫለሁ። ይህንንም ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢያችን ብስክሌት መንዳት እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ቁም ነገር አይታይም። አንድ ወጣት ብስክሌቱን ይዞ ወደ ጎሬ መንገድ ብቅ ሲል የሚያየው ሁሉ ሥራ ፈትቶ የሚዞር ይመስለዋል። ስፖርት ጉልበትን በከንቱ መጨረስ ነው የሚሉ ሰዎችም አይጠፉም። የፖል ደማንን ታሪክ የተረዳ ሰው ግን ለጨዋታ የለመደ ጉልበት በክፉ ቀን ለምን እንደሚውል ይገነዘባል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ላስታውስ። የውጭ አገሩን ነገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የአገራችንን ግን እንደ ራሳችን አቆጣጠር (ዓ.ም.) ጽፌዋለሁ።

ፖል ደማን የተወለደው በቤልጂየም አገር፣ ፍላንደርስ በሚባለው ክፍል ነው። የፍላንደርስን የባሕር ዳር ለማወቅ የፈለገ የመቱ ልጅ የራሱን አገር ተቃራኒ ቢያስብ ይበቃዋል። እኛ ዘንድ ከከተማ የወጣ ሰው ወይ ይወጣል ወይ ይወርዳል። ወደ ጎሬ ቢሄድም፣ ወደ ሁሩሙ ቢሄድም፣ መንገዱ በጫካና በቡና መካከል እየተጠማዘዘ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወንዞቻችንም ቁልቁል መሮጥ እንጂ መተኛት አያውቁም፤ ሶር ከገደሉ ላይ ወርዶ ሲከሰከስ ያየ ሁሉ ይህንን ይመሰክራል። የፍላንደርስ የባሕር ዳር ግን እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ስለማያውቅ ሰዎች በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ቦይ እየቆፈሩ መንገድ አበጅተውለታል። ሰፋፊዎቹ ቦዮች ጀልባ የሚመላለስባቸው ናቸው፤ ጠባቦቹ ደግሞ የእርሻውን ውሃ ያጠነፍፋሉ። ከባሕሩ ጫፍ ላይ ነፋስ ያከማቸው የአሸዋ ኮረብታ እንደ አጥር ተደርድሮ ይታያል።

ከአሸዋው ኮረብታ ወዲህ ያለው እርሻ፣ ባሕሩ ሞልቶ በሚነሣበት ሰዓት ከባሕሩ ወለል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ቦዮቹ ወደ ባሕር በሚገቡበት ቦታ፣ በተለይም በኒውፖርት ከተማ አጠገብ፣ ትልልቅ የውሃ በሮች ተሠርተዋል። ባሕሩ ሲጎድል በሮቹ ተከፍተው የእርሻው ውሃ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ባሕሩ ሲሞላ ደግሞ ተዘግተው ጨዋማውን ውሃ ያግዳሉ። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን በሮች አስታውሳቸው፤ ወደ ኋላ በታሪኩ ውስጥ ይመጣሉ።

እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ብስክሌት መንዳት ለእኛ ቀላል ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን የዚያ አገር ዳገት ነፋስ ነው። ዳገት የወጡት ያልቃል፤ ከባሕር የሚመጣ ነፋስ ግን ቀኑን ሙሉ ቢገፉት አያልቅም። የሚከልል ተራራ ወይም ጫካ ስለሌለ ነጂው መጠለያ የሚያገኘው ከሌላ ነጂ ጀርባ ብቻ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ነጂዎቹ አንዱ ከሌላው ኋላ ይሰለፋሉ፤ ከጎን ሲመጣ ደግሞ በመንገዱ ስፋት ልክ በሰያፍ ይደረደራሉ። ፊተኛው ነፋሱን ሲከፍል ተከታዮቹ በእጅጉ ባነሰ ጉልበት ይሄዳሉ። ፊተኛው ሲደክመው ወደ ኋላ ይመለስና ቀጣዩ ይተካዋል። ነገሩ እንደ ደቦ ነው፤ በተራው የማይሠራ ሰው በሌሎች ጉልበት የሚያርስ ሰነፍ ተብሎ ይነቀፋል።

ፖል ደማን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 1889 ዓመት በፈረንሳይ ድንበር አጠገብ በምትገኘው በሬከም መንደር ተወለደ። እርሱ ከመወለዱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1888፣ ጆን ቦይድ ዳንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በቤልፋስት ከተማ በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ ሠርቶ ነበር። ከዚያ በፊት ብስክሌት በጠንካራ ጎማ እየተንገጫገጨ ይሄድ ስለነበር ረጅም መንገድ ለመሄድ አያመችም ነበር። በአየር የተነፋው ጎማ ከመጣ በኋላ ግን ብስክሌት ሰውን በአንድ ቀን ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርስ መሣሪያ ሆነ፤ ፖል ደማንም ከዚህ መሣሪያ ጋር አብሮ አደገ ማለት ይቻላል።

ያን ጊዜ ምዕራብ ፍላንደርስ ድኻ አገር ነበር። ብዙው ሰው በእርሻና በሽመና ይተዳደር ነበር፤ በመከር ጊዜ የቀን ሥራ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ የሚሻገረውም ቁጥሩ ብዙ ነበር። በዚያ ላይ የአገሬው ሰው የሚናገረው ፍላማንድ የሚባለውን ቋንቋ ሲሆን፣ በቤልጂየም የሹማምንቱና የከፍተኛው ትምህርት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ስለዚህ ለድኻ ልጅ የመከበር በሩ ጠባብ ነበር። ጠንካራ እግር ያለው ወጣት ግን በብስክሌት ውድድር አሸንፎ ከዓመት የቀን ሥራ የሚበልጥ ገንዘብ በአንድ ቀን ሊያገኝ ይችል ነበር። ፖል ደማንም በዚህ መንገድ ገባ። በ1911 በታላቁ የፈረንሳይ ዙር ውድድር፣ በቱር ደ ፍራንስ፣ የሚረዳው ቡድን ሳይኖረው ተወዳድሮ፣ እንደ እርሱ ያለ ቡድን ከሚነዱት ሁሉ ቀዳሚ ሆነ።

የዚያን ጊዜው ብስክሌት ከዛሬው በጣም ይለያል። ክፈፉ ከባድ ብረት ነበር፤ እንደ ዛሬው እጅን በማንቀሳቀስ ብቻ ማርሽ መቀየር አይቻልም ነበር። ነጂው ትርፍ ጎማውን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ይሄዳል፤ ጎማው ሲፈነዳ ከመንገድ ዳር ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ ይቀይራል። መንገዱም ገሚሱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ፣ ገሚሱ አቧራና ጭቃ ነበር። እንግዲህ አንድ ነጂ እግር ብቻ ኖሮት አይበቃውም፤ መንገድ ማወቅ፣ መሣሪያውን መጠገን፣ ረሃብንና እንቅልፍን መቻል፣ ብቻውንም መሆንን መልመድ ነበረበት።

በዚያው ዘመን ካረል ቫን ዋይነንዳሌ የሚባል ጋዜጠኛ ነበር። እርሱም አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ፣ በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ለሥራ የወጣ የድኻ ልጅ ነው። በ1912 በተቋቋመው ስፖርትዌረልድ በተባለው ጋዜጣ ላይ ለፍላንደርስ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ይጽፍ ነበር። ሕዝቡ በራሱ አገር የሚኮራበት ውድድር እንዲኖረው ስለፈለገ የፍላንደርስን ዙር መሠረተ። የመጀመሪያው ውድድር የተደረገው እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1913 ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 17 ቀን 1905 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ቀን ማለዳ 37 ነጂዎች ከጌንት ከተማ ተነሡ። መንገዱ በጠቅላላው 324 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ይህም ከመቱ ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው መንገድ ከግማሹ ይበልጣል ማለት ነው። ነጂዎቹ በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ተጉዘው ቨርን ወደምትባለው ከተማ ደረሱ። ከቨርን እስከ ኦስተንድ ያለው ክፍል ከላይ ያልኩት የባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ በአንድ በኩል የአሸዋ ኮረብታ፣ በሌላው በኩል ቦይና የከብት ግጦሽ ነው። ከኦስተንድ ወደ ውስጥ ተመልሰው፣ በብሩዥ ከተማ በኩል አድርገው ወደ ጌንት ዳርቻ ገቡ። በመጨረሻም ማሪያከርከ በተባለው ቦታ፣ በትልቅ ኩሬ ዙሪያ በተሠራ የእንጨት መወዳደሪያ ላይ የቀረውን ዙር መፈጸም ነበረባቸው።

ከ12 ሰዓት በላይ ከተነዳ በኋላ ፊት ሆነው የገቡት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በመጨረሻው እሽቅድምድም ሁሉንም ቀድሞ ያለፈው የ24 ዓመቱ ፖል ደማን ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ብስክሌት፣ በዚያ ነፋስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ተመልካቹ እምብዛም ስላልነበረ ከመግቢያ ዋጋ የተገኘው ገንዘብ ለሽልማቱ የሚበቃ አልነበረም። ዛሬ ግን የፍላንደርስ ዙር በዓለም ከታወቁት የብስክሌት ውድድሮች አንዱ ሆኖ በየዓመቱ ይደረጋል፤ በአሸናፊዎቹም ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው ስም የፖል ደማን ስም ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1914፣ ከቦርዶ እስከ ፓሪስ በሚደረገው ውድድር አሸነፈ። ይህ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ነጂው ሌሊቱን ሳይተኛ ነድቶ ቀኑንም የሚቀጥልበት ነው። ጨለማን ለምዶ መንዳት የተማረው እንዲህ ባለው ውድድር ነበር። ወጣቱ ደማን ገና ብዙ ድል የሚጠብቀው ይመስል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ የጀርመን ጦርም ወደ ፈረንሳይ ለማለፍ ሲል ገለልተኛዋን ቤልጂየምን ወረረ።

በጥቂት ወራት ውስጥ አገሪቱ በሙሉ ለማለት ይቻላል በጠላት እጅ ወደቀች። የቀረው የቤልጂየም ጦር ከንጉሡ ከአልበርት ጋር ወደ ባሕሩ ዳር፣ ኢዘር ከሚባለው ትንሽ ወንዝ ኋላ ተሰበሰበ። ይህ ቦታ ደማንና ባልንጀሮቹ ከዓመት በፊት ከነፋስ ጋር የታገሉበት ያው የሜዳ አገር ነው። ጦሩ ተዳክሞ ሊሸነፍ በደረሰበት ጊዜ፣ በጥቅምት መጨረሻ 1914፣ የአገሩን ውሃ ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች መላ መቱ። ከእነርሱም ውስጥ ሄንድሪክ ኺራርት የተባለው የጀልባ ሠራተኛ ስሙ እስከ ዛሬ ይጠራል። ባሕሩ በሚሞላበት ሌሊት የኒውፖርትን የውሃ በሮች ከፈቱ፤ ሳይጎድልም ዘጓቸው። ይህንን እየደጋገሙ በማድረጋቸው የባሕሩ ውሃ በወንዙና በባቡር ሐዲዱ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ተኛ። የጀርመን ጦር ከውሃው ማዶ ቀረ፤ ያም ውኃ እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ አራት ዓመት ሙሉ የቀረችውን ቁራሽ አገር ጠበቀ። ውሃን ለማስወጣት የተሠራ በር ውሃን አስገብቶ አገር አዳነ። የለመደ መሣሪያ በችግር ቀን ለሌላ ሥራ ሊውል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም፤ የደማንም እግር እንዲሁ ሆነ።

በተያዘው አገር የነበረው ሕዝብ ከመንደሩ ለመንቀሳቀስ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ነበር። ጋዜጣው ተዘግቷል፣ ደብዳቤ ይመረመራል። ሆኖም ብዙ ሰዎች በስውር ይሠሩ ነበር። በባቡር ሐዲድ ዳር የሚኖሩ ቤተ ሰዎች በመስኮታቸው ሆነው ስንት የወታደርና የመድፍ ባቡር ወዴት እንዳለፈ ይቆጥሩ ነበር። ይህ ወሬ ግን ወደ ወዳጅ ጦር ካልደረሰ ዋጋ የለውም። የሚደርሰውም በጦርነቱ ገለልተኛ በሆነችው በሆላንድ በኩል ብቻ ነበር። ጀርመኖችም ይህን ስላወቁ ከ1915 ጀምሮ በቤልጂየምና በሆላንድ ድንበር ላይ 2,000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሽቦ አጥር ዘረጉ። በዚያ አጥር በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። በስውር ሥራ የተያዘ ሰው ፍርዱ ሞት ነበር። ኤዲት ካቬል የተባለችው እንግሊዛዊት አስታማሚ በጥቅምት ወር 1915፣ ገብርኤል ፕቲ የተባለችው የ23 ዓመት ቤልጂየማዊት ደግሞ በሚያዝያ 1916 በብራስልስ ከተማ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

ፖል ደማን በዚህ ስውር ሥራ ገባ። ሥራው ምስጢራዊ ወረቀቶችን በብስክሌት ወደ ሆላንድ ማድረስ ነበር። የፍላንደርስን መንገድ ዋናውንም ቅያሱንም ያውቃል። በሌሊት መንዳት በቦርዶና በፓሪስ መካከል ተምሯል። ጎማው ቢፈነዳ የማንንም እርዳታ አይለምንም። ከሩቅ ሆኖ ለሚያየው ደግሞ በአንድ አሮጌ ብስክሌት ከመንደር ወደ መንደር የሚሄድ ተራ ገበሬ ወይም ሠራተኛ ይመስላል። እንዲህ እያደረገ 14 ጊዜ በሰላም ሄዶ እንደተመለሰ ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ይናገራሉ።

እኔ ስለዚህ ሰው ሳስብ ይበልጥ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። የ1913ቱ ድሉ ቀኑና ሰዓቱ፣ ኪሎ ሜትሩና የተወዳዳሪው ቁጥር ሳይቀር ተጽፎለታል። የ14ቱን ጉዞ ሰዓት ግን የመዘገበ ማንም የለም። በመንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጨበለት ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ማንም እንዳያየው መጠንቀቅ ነበረበት። በውድድር ጊዜ ነፋሱን የሚካፈሉት ባልንጀሮች ነበሩት፤ በዚህ ጉዞ ግን ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን የሚከፍልለት አልነበረም። አንድ ጊዜ የተሳካለት ሰው ዕድሉን አመስግኖ ቢተው ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን አደጋውን እያወቀ 14 ጊዜ ተመላለሰ።

በ15ኛው ጉዞ ላይ ጀርመኖች ያዙት። ሉቨን ወደምትባለው ከተማ ተወስዶ ታሰረና መገደያውን ይጠባበቅ ጀመር። ነገር ግን ፍርዱ ሳይፈጸም እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1918 የጦርነት ማቆም ስምምነት ተፈረመ፤ ደማንም ከሞት ተረፈ።

መከራው ግን በዚህ አላበቃም። ከጀርመኖች እጅ የወጣውን ደማን ደግሞ እንግሊዞች ያዙት። ምክንያቱም አነጋገሩ ነበር። የምዕራብ ፍላንደርስ ሰው አነጋገር ለእንግሊዞች ጆሮ እንደ ጀርመንኛ ስለሆነ፣ ሸሽቶ የሚደበቅ ጀርመናዊ መሰላቸው። ለአገሩ ሲል ሊሞት የነበረ ሰው በእናቱ ቋንቋ ምክንያት እንደ ጠላት ተቆጠረ። ማንነቱን የሚያስረዱ ደብዳቤዎች ከመጡ በኋላ ግን ነፃ ወጣ። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር የምንኖር እኛ ይህን ነገር ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። የሰው ልብ በአንደበቱ ቃና አይመዘንም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ደማን ዕድሜው ወደ 30 ተጠግቶ፣ አራት የወጣትነት ዓመታት አልፈውበት ነበር። ሌሎች ከእርሱ የባሰ ገጥሟቸዋል። ቱር ደ ፍራንስን ካሸነፉት ታላላቅ ነጂዎች ፍራንሷ ፋበር በ1915፣ ኦክታቭ ላፒዝና ሉስየን ፕቲ ብረቶን በ1917 በጦርነቱ ጊዜ ሞተዋል። መንገዶቹም ራሳቸው ተበላሽተው ነበር። በ1919 ከፓሪስ እስከ ሩቤ ያለውን የውድድር መንገድ ለማየት የሄዱ ሰዎች ዛፉ ተቆርጦ፣ መንደሩ ፈርሶ፣ መሬቱ በመድፍ ተቆፍሮ ስላገኙት፣ ያ ውድድር ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የሰሜን ሲኦል የሚል ስም ወጣለት።

ከእስር ቤት የወጣው ደማን በ1920 ይህንኑ የፓሪስ ሩቤ ውድድር አሸነፈ። በ1923 ደግሞ በ34 ዓመቱ ከፓሪስ እስከ ቱር የሚደረገውን ውድድር አሸነፈ። እንግዲህ ከጦርነቱ በፊት ሁለት፣ ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ታላላቅ ድሎች አሉት ማለት ነው። በመካከል ያለው ባዶ ቦታ ግን፣ የስፖርት መዝገብ የሚመለከት ሰው ምንም ያልተሠራበት ዘመን ቢመስለውም፣ ከአራቱ ድሎች ሁሉ የሚበልጥ ሥራ የተሠራበት ነው። ፖል ደማን እ.ኤ.አ. በ1961 በ72 ዓመቱ አረፈ። የፍላንደርስን ዙር የመሠረተው ካረል ቫን ዋይነንዳሌም የሞተው በዚያው ዓመት ነው።

ይህ ሁሉ ለኢሉባቦር ልጆች ምን ያደርጋል የሚል ሰው ቢኖር መልስ አለኝ። የኛም አገር በወራሪ እጅ የወደቀችበት ጊዜ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ከመቱ የማትርቀው ጎሬ ነበረች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅና ልዑል ራስ እምሩ በዚሁ በምዕራቡ ክፍል ሆነው የነፃነቱን ትግል ለማስቀጠል ደክመዋል። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት የውስጥ አርበኞች በጠላት መካከል እየኖሩ ለዱር አርበኞች ወሬ፣ መድኃኒትና ጥይት ያቀብሉ ነበር። እነርሱም ቢያዙ ፍርዳቸው ሞት ነበር። ደማን ቢሲክሌት ነበረው፤ የኛዎቹ እግራቸውና በቅሏቸው ብቻ ነበር። የተሸከሙት ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው።

በሌላም በኩል የቤልጂየምና የምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚገናኝበት ቦታ አለ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ከአገራችን ሲባረር፣ በቤልጂየም መኮንኖች የሚመራ ጦር ከኮንጎ ተነሥቶ በሱዳንና በጋምቤላ በኩል ወደ ሳዮ፣ ማለት ወደ ደምቢዶሎ፣ ዘልቋል። በዚያም የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጥቷል። ወታደሮቹና ተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ የኮንጎ ሰዎች እንደነበሩ መርሳት አይገባም። የገዛ አገራቸው ነፃነት ሳይኖረው ለሌላ ሕዝብ ነፃነት ደማቸውን ያፈሰሱ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የብዙዎቹ ስም አይታወቅም።

ብስክሌትም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገራችን በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል የላከችው ሯጮችንና ብስክሌት ነጂዎችን ነበር፤ ከነጂዎቹም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ይህም አበበ ቢቂላ በሮም ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ከመቱ ወደ ጎሬ የሚወስደውን ዳገት በብስክሌት የሚታገል ልጅ ሲያጋጥመን ሥራ ፈት ነው ብለን አንናቀው። ዛሬ የሚያጠነክረው እግር ነገ ለምን እንደሚፈለግ እርሱም እኛም አናውቅም።

በመጨረሻ ለተማሪ ጓደኞቼ አንድ ነገር አሳስባለሁ። የፖል ደማንን 14 ጉዞ ዛሬ ልንናገር የቻልነው አንድ ሰው ጠይቆ ስለጻፈው ነው። በኢሉባቦር ጫካ ውስጥ በጠላት ዘመን መልእክት ያደረሱ ሰዎች ግን ብዙዎቹ ሳይጠየቁ አልፈዋል። ያዩት ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱ የሰሙ ልጆችና የልጅ ልጆች ግን በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮና በበደሌ ገና አሉ። ክረምቱን ወደየቤታችን ስንሄድ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን እንጠይቅ፤ የሰማነውንም ስም፣ መንገድና ዘመን ሳንጨምር ሳንቀንስ በደብተራችን እንጻፍ። የሚመጣው ዓመት መጽሔት እነዚያን ስሞች ይዞ ቢወጣ፣ ከዚህ ከእኔ ጽሑፍ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።